የኪሩቤል ድርሻ

የውሃ ቆጣሪዋ አዲሱን የቤተሰብ አባል ስታበስር ተድላ ፊቱን ሳሙና ቀብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ፣ በማይለወጠው ለስላሳ ድምፅዋ። «ከዛሬ ጀምሮ የቤታችሁ የውሃ ድርሻ የአምስት ሰው ሆኗል። አቶ ኪሩቤልን እንኳን ደህና መጡ በሉልን።»

ተድላ ዓይኑን ገለጠ። ሳሙናው ገባበት።

ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት አራት ሰዎች ናቸው። እሱ፣ ሚስቱ አስካል፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባችው ልጃቸው ምንትዋብ እና እናቱ እማማ ሶልያና። የሚኖሩትም ሸኖ ነው። አዲስ አበባ እየሰፋች መጥታ ከዋጠቻት ወዲህ ለሸኖ የቀራት የቅቤዋ ስም ብቻ ነው፤ ላሞቹም ሣሩም የሉም። ውሃ ጠዋት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ማታ ይመጣል፣ ይሄዳል። በመጣ ጊዜ ሁሉም በየተራው ቧንቧውን በገዛ እጁ መክፈት አለበት። ቆጣሪዋ ሰውን የምታውቀው በልማዱ ነውና። ተድላ ቧንቧውን ባንዴ ቧ አድርጎ ይከፍትና ሲዘጋ ይረሳዋል። አስካል ትንሽ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ደግማ ትከፍታለች። ምንትዋብ መዳፏን ከሥር አድርጋ ትጫወትበታለች። ቆጣሪዋ ይህን ሁሉ ሰምታ «ሁላችሁም ደህና አድራችኋል» ትላለች። ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የአውቶቡሱ በር ሳይቀር የሚከፈተው በዚያች ቃል ነው። ውሃ የነካ ነዋሪ ነው። ያልነካ የለም።

እማማ ሶልያና ግን ቧንቧ መክፈት አይሆንላቸውም። ምንትዋብ በታጠበችበት ይታጠባሉ፤ አስካል ጎመን ባለቀለቀችበት እግራቸውን ያርሳሉ። ያደጉት ቢጫ ጀሪካን ይዘው በሚሰለፉበት፣ ውሃ የመጣ እንደሆነ ድምፁ እንዲቀሰቅሳቸው ቧንቧውን ከፍተው በሚተኙበት ዘመን ነው። ስለዚህ ቆጣሪዋ እሳቸውን በደንብ አታውቃቸውም። አንዳንድ ጠዋት «ወይዘሮ ሶልያና ሳይነሡ አልቀሩም» ትላለች፣ እንደ መገመት አድርጋ።

«ኪሩቤል ማነው?» አለ ተድላ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።

አስካል ትከሻዋን ሰበቀች። እናቱ ግን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ቆጣሪዋ ያለችበትን ግድግዳ በዓይናቸው አሳዩት። ከዚያ ክንዱን ይዘው ወደ ግቢ አወጡት።

«ቀስ በል እንጂ!» አሉ በሹክሹክታ። «የት ነው ያስቀመጥከው?»

«ማንን?»

«ልጁን ነዋ! ከእኔ ከእናትህ ትደብቃለህ? ለመሆኑ ምን በልቶ አደረ?»

«እማዬ፣ ምን እያልሽ እንደሆነ አልገባኝም።»

እማማ ሶልያና ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ያውቃሉ። አልቀላም። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት ቀስ እያለ ወረደ።

ነገሩ ትናንት በቀትር ነው የሆነው። ብቻቸውን ምስር ሲለቅሙ ቆጣሪዋ ጠራቻቸው። በቤታችሁ ያልተመዘገበ ሰው ውሃ እየተጠቀመ ነው፣ ያውቁታል ወይ፣ ብላ ጠየቀቻቸው። እማማ ሶልያና እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲመለስ ምን እንደሚያስከትል በዓይናቸው አይተዋል። ባለፈው ዓመት ከመንገዱ ማዶ አንድ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ባልና ሚስት ተሸሽገው ተገኙ። መሬታቸው ደርቆባቸው በእግራቸው የመጡ ነበሩ። ባለሱቁ ተጠየቀ፤ አላውቃቸውም አለ። ነጩ መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። ሴትዮዋ መኪናው ውስጥ ሆና ነጠላዋን ስታስተካክል እማማ ሶልያና በር ላይ ቆመው አይተዋታል። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ሱቅ ጨው እንኳ ገዝተው አያውቁም።

«ልጄ አዝኖ አንዱን ደብቆታል ብዬ ነዋ» አሉ። «አላውቀውም ብል መኪናው ይመጣል። የሰው ልጅ በእኔ አፍ ከቤቴ ተጎትቶ ሊወጣ? የእህቴ ልጅ ነው አልኳት።»

«እህት የለሽም እኮ እማዬ።»

«እሷ ምን ታውቃለች! ስሙን ስትጠይቀኝ ኪሩቤል አልኳት። በእኔ ጊዜ ኪሩቤል ያልተባለ ወንድ ልጅ አልነበረም።»

ቤቱን ፈተሹ። አስካል አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ አየች፤ ተድላ ጣራው ሥር ያለውን ዕቃ ማስቀመጫ በባትሪ አበራ። ሰው የለም። እማማ ሶልያና ግን ለማንኛውም ብለው ከምሳው ላይ ትንሽ ሸፍነው አስቀመጡ።

ኪሩቤልን ያገኙት ጋሽ ያብስራ ናቸው። ጋሽ ያብስራ አጥር የሚጋሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእማማ ሶልያና ጋር አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉና፣

«ሶሊ! ምነው ሣር አበቀልሽ? በግ ልታረቢ ነው? ብትነግሪኝ እረኛ እሆንልሽ ነበር» አሉ።

እውነትም ከውጭው በር እስከ ወጥ ቤቱ ግድግዳ በተነጠፈው ጠፍጣፋ ድንጋይ መገጣጠሚያ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ወጥቷል። ዙሪያው ሁሉ አመድ መስሎ ሳለ እሱ ብቻ እንደ ሐር ክር ያበራል። በየቀኑ ሲረግጡት ከርመው አላዩትም። የማታው ውሃ ሲመጣ ተድላ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ አስደገፈ። ከሥር አንድ ሰው ትኩስ ነገር ፉት የሚል ይመስላል። ፉት ይላል፣ ያርፋል፣ ፉት ይላል።

«ይኸውልህ ኪሩቤል» አለች አስካል ከበላዩ ቆማ። «ተነሥና ተዋወቀው።»

ቧንቧው መሬት ውስጥ የተቀበረው ተድላ ሳይወለድ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ተበስቷል፤ የሚያፈሰውም ለዘመናት የጠማውን አፈር እያጠጣ ነው። ነገሩ ቀላል ነበር። ተድላ ኮሌጅ የተማረ፣ ነገርን በትዕግሥት የሚያስረዳ ሰው ነው። ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ግድግዳው ፊት ቆመና በሥርዓት ተናገረ።

«ስህተት ተፈጥሯል። ኪሩቤል የሚባል ሰው የለም። ግቢያችን ውስጥ ያለው የመሬት ለመሬት ቧንቧ ነው የሚያፈሰው።»

«የሚያፈስ ቧንቧ ሌት ተቀን ያፈሳል» አለች ቆጣሪዋ። «አቶ ኪሩቤል ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የሚጠቀሙት። ቀን አይነኩም፤ ሌሊት ይተኛሉ። ሥርዓት ያላቸው ሰው ናቸው።»

«ውሃ የሚመጣው ራሱ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው እኮ!»

«አቶ ተድላ፣ ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ቆጣሪዋን የሠሯት ሰዎች ውሃ ቀኑን ሙሉ የሚወርድበት አገር ሳይኖሩ አልቀሩም።

በማግስቱ ተድላ የውሃ ድርሻ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንዲት ሰው አለች። አልጋነሽ ትባላለች፤ ወጣት ናት። የሚመጣውን ሁሉ ቆማ ነው የምትቀበለው። ተድላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲነግራት አላቋረጠችውም። እንዲያውም ስለ እህት ልጅ ሲደርስ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፈገግታዋ ጠፋ።

«ቃሉን የሰጡት እናትዎ ራሳቸው ናቸው?»

«አዎ። ሰው የተደበቀ መስሏቸው ነው። እንዳይወሰድ ብለው።»

«ገብቶኛል። የእኔም እናት ብትሆን ያንኑ ነበር የምትለው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን አሁን የነገሩኝን ካስገባሁት፣ እናትዎ ለሌለ ሰው ድርሻ አስወጥተዋል ማለት ነው። የሚሰረዘው የእሳቸው ድርሻ ብቻ አይደለም። የቤቱ ሁሉ ነው። ልጅ አለችኝ ብለውኛል።»

«አንድ ሰው መጥቶ ቢያይስ? ድንጋዩን አንሥቶ ቢያይ?»

«መሬት የሚቆፍረው ማሽን ነው። ማሽኑ የሚንቀሳቀሰው ቆጣሪዋ ቧንቧው ያፈሳል ስትል ነው።»

«እሷ ደግሞ ሰው ነው ትላለች።»

«እንግዲህ…» አለች አልጋነሽ። እጆቿን ከፍታ አሳየችው። ምንም የለባቸውም። «እኔን ቢሰሙኝ ይኑር። የሚጠጣው የራሱን ድርሻ ነው፤ የእናንተን አልነካ። ስንት ቤት ከዚህ የከፋ እንግዳ ተሸክሞ ይኖራል።»

ከኋላው የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። ተድላ አመስግኗት ወጣ። በልቡም አልተቀየማት። በእሷ ቦታ ቢሆን ከዚህ የተሻለ ምን ይል ነበር?

አስካል ስትሰማ ብዙም አልከፋትም። «እውነቷን ነው» አለች። «ከአንዳንድ ዘመድ ይሻላል። አይበላ፣ አያኮርፍ፣ ሰው አያማ።»

በዚህ ሁኔታ ኪሩቤል ኖረ። ክሊኒኩ ለዓይን ምርመራ ጠራው። የሥራ ማስታወቂያ ተነበበለት። ቆጣሪዋ ልደቱን ልታስብለት ብላ የትውልድ ቀኑን ስትጠይቅ ምንትዋብ ከሁሉም ቀድማ «ዛሬ ነው!» አለች፤ ዘፈኑን ሁሉም እየሳቁ ሰሙት። ጋሽ ያብስራ በአጥሩ ላይ ብቅ ባሉ ቁጥር «ኪሩቤልስ እንዴት አደረ? ሚስት አታጩለትም እንዴ? በዚህ ወጣትነቱ መሬት ለመሬት ሲልከሰከስ ዝም ትሉታላችሁ?» ይላሉ። ሣሩ ወፈረ። አንድ ቀን ቢራቢሮ መጥታ አረፈችበት፤ ምንትዋብ ቢራቢሮ አይታ አታውቅም ነበርና ፈርታ አለቀሰች።

ያልሳቁት እማማ ሶልያና ብቻ ናቸው። በእኔ አፍ የመጣ ነው እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር። መሬት ውስጥ ገብቶ የሚጠፋው ውሃ ከሰው ጉሮሮ የተነጠቀ ሆኖ ታያቸው፤ የሚመልሱበት መንገድ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ከራሳቸው ቀነሱ። ቀድሞ አልፎ አልፎ ይከፍቱት የነበረውን ቧንቧ ጭራሹን ተዉት። ጠዋት የእርጥብ ጨርቅ ጫፍ ፊታቸው ላይ ያሳልፋሉ። ሲጠማቸው አስካል ከቀዳችው ላይ ጎንጨት ይላሉ። ቆጣሪዋም መገመቷን አቆመች። «ሁላችሁም ደህና አድራችኋል» ትላለች፤ ሁላችሁም ስትል ግን ማን ማንን ማለቷ እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ደመናውን አሳይቶ ሄደ።

መስከረም ሲጠባ ቆጣሪዎቹ በየቤቱ በአንድ ጊዜ ተናገሩ። በመንገዱ ላይ የሚሄድ ሰው ያንኑ ድምፅ ከየመስኮቱ እየተቀባበለ ይሰማው ነበር። የግድቡ ውሃ ስለቀነሰ እያንዳንዱ ቤት ወደ ልኩ ይመለሳል። ከልኩ ያለፈ ቤት ትርፍ ሰዉን ይሸኛል። የሚሸኘውም ከሁሉ ያነሰ ውሃ የነካው ነው፤ እሱ ሌላ ቦታ መኖር ለምዷል ተብሎ ይታሰባልና። መሸኛው ከአዋሽ ማዶ ያለው ማቆያ ነው። እዚያ ውሃ በቦቴ ይመጣል ይባላል። ሄዶ አይቶ የተመለሰ ግን የለም።

«የእናንተ ቤት ልክ አራት ሰው ነው» አለች ቆጣሪዋ፣ የጋራውን ማስታወቂያ ጨርሳ ወደየቤቱ ጉዳይ ስትገባ። «አምስት ናችሁ። ወይዘሮ ሶልያና በዚህ ቤት ለመኖራቸው በቂ ምልክት አላገኘሁም። የሽኝቱ ቀን ሲቃረብ አሳውቃችኋለሁ።»

አስካል ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ኪሩቤልን ውሰጂው!» አለ ተድላ። «እሱ ነው የመጨረሻ የመጣው። እሱ ይሸኝ!»

«እንግዳ አስቀድሞ አይወጣም» አለች ቆጣሪዋ። «አቶ ኪሩቤል ገና ዓመት አልሞላቸውም።»

ሕጉን ተድላ ያውቀዋል። ተማሪ ሳለ ስለዚህ ሕግ አደባባይ ወጥቶ ጮኋል። ያን ጊዜ ሰዎች ችግር በመጣ ቁጥር ያስጠጓቸውን ምስኪኖች አስቀድመው ያስወጡ ነበር፤ ሕጉ የወጣው ያን ለማስቆም ነው። ስንቱን አትርፏል። ዛሬም ቢጠየቅ መጥፎ ሕግ ነው አይልም። ከፊቱ የቆመው ሕግ በገዛ ጉሮሮው የጮኸለት ነበር። ለማን አቤት ይበል?

«ዝም በሉ፣ ሕፃኗን አታስፈሯት» አሉ እማማ ሶልያና። ከምግቡ መጉረስ አላቆሙም ነበር። «ቀኑ ገና ነው።»

በማግስቱ ተድላ ድንጋዩን አነሣ። ራሱ መቆፈር ክልክል መሆኑን ያውቃል። ጋሽ ያብስራ በርጩማ ይዘው መጥተው ውጭው በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ሰው ሲያልፍ እንዲስሉ ተስማሙ። መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ እሳቸው ግን ሲጋራ አጫሽ ስለነበሩ ያለ ምክንያትም ይስላሉ፤ በሳሉ ቁጥር ተድላ ዶማውን ይጥል ነበር።

«ኧረ ጋሼ! ሰው አለ ወይስ የለም?»

«የለም። ይሄ የራሴ ነው።»

መሬቱ ከላይ ድንጋይ፣ ከሥር ጭቃ ነው። ቧንቧው ተገኘ። ቀዳዳው የጥፍር ጫፍ አያክልም። የሰው ልጅ ድርሻ የሚጠጣው ነገር ይህችን ታህል መሆኗን ሲያይ ተድላ ለአፍታ ቁጢጥ አለ። ከዚያ ከአሮጌ ጎማ የቀደደውን ሰፊ ክር ደጋግሞ ጠመጠመበት፤ በሽቦም አሠረው። የማታው ውሃ መጣ። ጎማው ላብ እንኳ አላወጣም። አፈሩን መለሰ፣ ድንጋዩን ገጠመ፣ ገብቶም እጁን ታጠበ። የቀናው መስሎት ነበር። ኪሩቤል ውሃ ካልነካ የለም፤ ከሌለ ደግሞ ቤቱ አራት ሰው ነው።

«አቶ ኪሩቤል ዛሬ ውሃ አልነኩም» አለች ቆጣሪዋ። «አሟቸዋል?»

«መንገድ ሄዷል» አለች አስካል ፈጠን ብላ።

«መልካም መንገድ። የሚደርሱበት ቤት ቆጣሪ ስታገኛቸው ትነግረኛለች።»

ይህን አላሰቡትም። በየማታው ቆጣሪዋ «አቶ ኪሩቤል ገና አልደረሱም» ትል ጀመር፤ ድምፅዋ አይለወጥም። ተድላ በኪሩቤል ስም ቧንቧውን ቀስ አድርጎ፣ ፉት በሚል ልክ ከፍቶ ሞከረ። «አቶ ተድላ፣ ዛሬ ቀስ ብለው ነው የከፈቱት፤ ደክሞዎታል?» አለችው። ሳምንቱ እያለቀ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ተናገረች።

«አቶ ኪሩቤል የትም ቤት አልደረሱም። ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ የነኩት እዚህ ነው። ቃል የሰጡላቸው ወይዘሮ ሶልያና ስለሆኑ፣ ነገ ጠዋት ፖሊስ መጥቶ የት እንዳደረሷቸው ይጠይቃቸዋል። እስከዚያ ቤቱ ተዘግቶ ይቆይ።»

ፀሐይ አልጠለቀችም፤ የማታው ውሃም አልሄደም ነበር። ተድላ ዶማም አልፈለገም። ድንጋዩን በእጁ ገለበጠ፣ አፈሩን በእጁ ጫረ፣ ሽቦውን ሲፈታ መዳፉ ተሰነጠቀ። አስካል ቢላ አቀበለችው። ጎማው ተቆርጦ ሲወድቅ ውሃው ፊቱ ላይ ተረጨ። ሁለቱም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክከው፣ እያለከለኩ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ጆሯቸውን አቀኑ።

«አቶ ኪሩቤል ተመልሰዋል» አለች ቆጣሪዋ። «እንኳን በሰላም ገቡ።»

አስካል እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ተድላ አልለየም።

ከዚያ በኋላ የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቱ እንደ ሰው ውሃ እንዲነኩ ማድረግ። ጠዋት ውሃው እንደመጣ ተድላ ክንዳቸውን ይዞ ቧንቧው ጋ አቆማቸው።

«ክፈቺው እማዬ።»

ከፈቱት። ወዲያው መዳፋቸውን ከሥር አድርገው ጠብታዋን ተቀበሉ፤ ዘጉት።

«አትዝጊው። ተይው ይፍሰስ።»

«ወዴት ይፍሰስ?»

«ዝም ብሎ ይፍሰስ! ወደ ፍሳሹ! እሷ እንድትሰማሽ ነው።»

«እሺ» አሉ። ከፈቱት። ውሃው ወረደ። እማማ ሶልያና ውሃው ሲሄድ እያዩ ቆሙ። አንድ እጃቸው ሳህን ፈልጎ መደርደሪያውን ዳበሰ። ተድላ ሳህኑን አራቀባቸው። እጃቸው ሄዶ ቧንቧውን ዘጋው።

«እማዬ!»

«አልቻልኩም ልጄ። እጄ እምቢ አለኝ።»

«እጅሽን እኔ ልያዘው?»

«ያዘው።»

ሁለቱንም እጃቸውን ያዛቸው። ቀጫጭን ናቸው፤ እንደ ደረቅ እንጨት ይቀላሉ። ውሃው ወረደ። እማማ ሶልያና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ሲታረድ ማየት እንደማይሆንለት ሰው። ትንሽ ቆይተው «በቃ፣ በእናትህ» አሉት፤ እናቱ ራሳቸው መሆናቸውን ረስተው። ለቀቃቸው። ዘጉት።

«አቶ ተድላ» አለች ቆጣሪዋ፣ «ዛሬ ከወትሮው በላይ ተጠቅመዋል።»

በየቀኑ ሞከሩ። እናቱ ጨዋ ስለሆኑ በየቀኑ ተነሥተው ይመጣሉ፣ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ተድላ አንዴ ጮኸባቸው፤ ወዲያው እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወደ አልጋነሽ ሄደና «እኔ ልሸኝላቸው» አላት። ቤቱ በእሱ ስም ስለሆነ እሱ ከወጣ ቤቱ ይዘጋል አለችው። አስካል ደግሞ ለልጅቷ ነዋሪነት ቃል የሰጠች እናት ናትና መውጣት አትችልም። አልጋነሽ ይህን ስትነግረው ዓይኗ ውሃ አቅርሮ ነበር። የእሷም ቤት ከልኩ ያለፈ ይሆን? አልጠየቃትም።

ነጩ መኪና ረፋድ ላይ መጣ። የወረዱት አንድ ወጣት ወንድና አንዲት ወጣት ሴት ናቸው፤ በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሁሉንም እጅ ነሡ። እማማ ሶልያና ጥቅላቸውን ቀድመው አሰናድተዋል፤ አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን አስካል ሠርታላቸዋለች። ጋሽ ያብስራ አጥሩ ላይ ቆመዋል። ሳላቸውን በመዳፋቸው አፍነው ይዘዋል።

ተድላ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲያሰላስል ነበር ያደረው። የሚመጡት ሰዎች ናቸው፤ ዓይን አላቸው። ይዟቸው ወጥቶ ጉድጓዱን ቢያሳያቸውስ? ኪሩቤል ይኸው ቢላቸው? ያዩታል። አይቶ መካድ አይቻልም። እውነቱን ይናገራል፤ ከዚያ የመጣው ይምጣ። ከዚያ ግን ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ ይደርስ ነበር። የመጣው ሲመጣ ምንትዋብም አብራ ናት። አሁን ልጅቷ ሱሪውን ይዛ እግሩ ሥር ቆማለች።

እናቱ አቀፉት። አስካልን ሳሙ። ምንትዋብን አንሥተው አሸተቷት፣ አስቀመጧት።

«ይቅርታ አድርጉልን እማማ» አለ ወጣቱ። «ሥርዓቱ ሆኖ ነው። ሽኝቱን ሁሉም የቤቱ ሰው ማየት አለበት። ኋላ አልተነገረኝም የሚል ሰው እየመጣ ተቸግረናል።» ዙሪያውን አየ። «አቶ ኪሩቤል የሉም እንዴ?»

የጠዋቱ ውሃ ገና አልሄደም፤ ከውጭ፣ ከድንጋዩ ሥር ፉት የሚለው ይሰማል። ተድላ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሷል። «ኪሩቤል እኮ…» አለ።

«ተኝቷል» አሉ እማማ ሶልያና።

ተድላ ዞሮ አያቸው። እናቱ እሱን አላዩትም። የሚያዩት ወጣቱን ነው፤ ፊታቸው ላይ የእንግዳ ተቀባይ ፈገግታ አለ።

«ሌሊት ሲሠራ አድሮ አሁን ነው የገባው፣ የኔ ልጅ። ማታ ተሰነባብተናል። አትቀስቅሱብኝ፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው።»

ወጣቱ ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ እማማ፣ ይተኛ» አለ በሹክሹክታ። ጥቅላቸውን ተቀበላቸው፤ ሴትዮዋ ክንዳቸውን ደገፈች። ሦስቱም ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ግቢውን በቀስታ አቋረጡ፤ ሣሩን ሳይረግጡ። የመኪናውን በርም ድምፅ ሳያሰሙ ቀስ ብለው ዘጉት።